የኮንሰርቫቶሪ ሥልጠና ምንድን ነው? ሙዚቃዊ ቴአትርን ለማጥናት ያሉት ሁለት መንገዶች

በአሜሪካ ሙዚቃዊ ቴአትር ለማጥናት ያሰበ ተማሪ የዩኒቨርሲቲዎችን ዝርዝር ሲመለከት ሁለት የዲግሪ ስሞች ይደጋገሙበታል፤ ቢኤ (ባችለር ኦፍ አርትስ) እና ቢኤፍኤ (ባችለር ኦፍ ፋይን አርትስ)። ሁለቱም አራት ዓመት የሚወስዱ የመጀመሪያ ዲግሪዎች ናቸው፤ አንዳንዴም በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ጎን ለጎን ይሰጣሉ። ቢኤ የሊበራል አርትስ ዲግሪ ነው። ተማሪው ቴአትርን ዋና ትምህርቱ አድርጎ ታሪክን፣ ሳይንስን፣ ቋንቋንና ፍልስፍናን አብሮ ያጠናል። ቢኤፍኤ ደግሞ ኮንሰርቫቶሪ መሰል ሥልጠና የሚሰጥበት፣ ተማሪውን ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ ለሙያው መድረክ የሚያዘጋጅ ዲግሪ ነው።

ኮንሰርቫቶሪ ማለት ጥበብን በየዕለቱ ደጋግሞ በማሠራት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው። ለፒያኖና ለቫዮሊን ተማሪዎች ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው ሥርዓት እዚህ ለተዋናይ ይውላል። የተማሪው ቁጥር ትንሽ ነው፤ መቀመጫው የሚገኘው በኦዲሽን፣ ማለትም ችሎታን በተግባር በማሳየት በሚሰጥ ፈተና ነው፤ የድምፅ ትምህርቱ አንድ መምህር ለአንድ ተማሪ ነው፤ አብረው የገቡት ተማሪዎች አራቱን ዓመት በአንድ ቡድን ይዘልቃሉ።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ለእነዚህ ፕሮግራሞች ዕውቅና የሚሰጠው የቴአትር ትምህርት ቤቶች ብሔራዊ ማኅበር ባወጣው መለኪያ መሠረት፣ በሙያ ዲግሪ ውስጥ ከጠቅላላው ትምህርት በመደበኛነት ቢያንስ 65 በመቶው የሙያው ትምህርት መሆን አለበት። በሊበራል አርትስ ዲግሪ ግን የቴአትሩ ድርሻ ከ30 እስከ 45 በመቶ ነው። ዲግሪው 120 ክሬዲት ቢሆን፣ ቢኤፍኤ ተማሪ ቢያንስ 78ቱን በድምፅ፣ በትወናና በዳንስ ክፍል ያሳልፋል፤ ቢኤ ተማሪ ከ36 እስከ 54 ያለውን። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚከተል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የዲግሪው ስም ከሚናገረው በላይ የሳምንቱ የሰዓት ድልድል ይናገራልና፣ አንድን ፕሮግራም ለመመዘን የምፈልግ ሰው ብሆን መጀመሪያ የማየው የአራቱን ዓመት የኮርስ ዝርዝር ነው።

ይህ ዓይነቱ ሥልጠና ዩኒቨርሲቲ የገባበት ምክንያት አለው። በአሜሪካ በድራማ ዲግሪ መስጠት የጀመረው የመጀመሪያው ተቋም በፒትስበርግ የሚገኘው፣ ዛሬ ካርኔጊ ሜለን የሚባለው ትምህርት ቤት ሲሆን ትምህርት ክፍሉ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። ሙዚቃዊ ቴአትር ራሱን የቻለ የዲግሪ ዘርፍ የሆነው ግን ብዙ ቆይቶ ነው፤ ቀዳሚ የሚባለው የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከዚያ በፊት በብሮድዌይ፣ በኒውዮርክ ዋና የቴአትር ሠፈር፣ በታዩት ሥራዎች የአጃቢ ዘፋኞች ቡድንና የዳንሰኞች ቡድን ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ይቀጠሩ ነበር። ዘፋኙ መዝፈን፣ ዳንሰኛው መደነስ ይበቃው ነበር። የዝግጅት ወጪ እየናረ፣ የተውኔቶቹም አጻጻፍ ዜማን፣ ንግግርንና እንቅስቃሴን እያዋሐደ ሲሄድ ሁለቱ ቡድኖች አንድ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በመድረኩ ጥግ የሚቆመው ሰው ሳይቀር ሦስቱንም መቻል ነበረበት፤ ሦስቱን ሙያ በአንድ ሰው ላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤትም አስፈለገ።

የአንድ ቀን ውሎው ምን ይመስላል? ጠዋት ባሌ አለ። ባሌ ደንሰው የማያውቁ የሃያ ዓመት ወጣቶች ብረት ዘንግ ይዘው ተሰልፈው ጉልበታቸውን ማጠፍና መዘርጋት ይለማመዳሉ፤ ትናንትም ያንኑ ሠርተዋል፤ ነገም ይሠሩታል። ቀጥሎ የኖታ ንባብና የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ፤ ከዚያ ትወና፤ ከዚያ የግል የድምፅ ትምህርት። ማታ የዝግጅት ልምምድ ይጀመርና እስከ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ይዘልቃል። በድምፅ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሙሉ ወር የሚፈጅ አንድ ጉዳይ ሊኖር ይችላል። ለምሳሌ በደረት የሚወጣው ጠንካራ ድምፅ ወደ ከፍተኛ ኖታ ሲወጣ ሳይሰበርና ጉሮሮን ሳይጎዳ በጭንቅላት ከሚያስተጋባው ቀጭን ድምፅ ጋር እንዴት እንደሚዋሐድ ማወቅ። ይህን በመጽሐፍ የሚማረው የለም። የሚሰማ ጆሮ ያለው መምህር አጠገብ ቆሞ፣ በየሳምንቱ፣ ለዓመታት የሚያርመው ነገር ነው። ያለዚህ እርማት በጩኸት የሚዘፍን ወጣት በሳምንት ስምንት ጊዜ በሚቀርብ የብሮድዌይ ሥራ ላይ ድምፁን ይዞ አይቆይም።

የሥልጠናውን ምንነት ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው ግን ዘፈንን የመተወን ክፍል ነው። ተማሪዋ ፒያኖው አጠገብ ትቆማለች። መምህሩ ዜማውን ትታ ግጥሙን ብቻ እንደ ተራ ንግግር እንድትናገረው ይጠይቃታል። ሁለት መስመር ትናገራለች። «ለማን ነው የምትነግሪው?» ይላታል። «ለሚወደኝ ሰው» ትላለች። «ምን ሊያደርግ ነበር? በሩ ጋ ነው ወይስ ተቀምጧል? ይህን ሦስተኛ መስመር ባትናገሪ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» ተማሪዋ ታስባለች፤ ከመጀመሪያው ትጀምራለች፤ አሁን ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ቃላቱ ከአፏ የሚወጡት አንድ ነገር ለማስቀረት ነው። ፒያኖው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያቺ ከፍተኛ ኖታ ችሎታ ማሳያ መሆኗ ይቀርና ሰውየውን ከበሩ የመመለስ የመጨረሻ ሙከራ ትሆናለች። ቢኤፍኤ ተማሪ ይህን ሥራ በአራት ዓመት ውስጥ በብዙ ዘፈኖች ላይ ይሠራዋል፤ ሲመረቅም በደንብ የሚያውቃቸውን ዘፈኖች የያዘ ጥራዝ ይዞ ይወጣል። ለኦዲሽን ሲጠራ ጥራዙን ለፒያኖ ተጫዋቹ ሰጥቶ 16 ባር፣ ማለትም ግማሽ ደቂቃ ገደማ፣ ይዘፍናል። የአራት ዓመቱ ድካም በዚያች ግማሽ ደቂቃ ይመዘናል።

ሊበራል አርትስ ይህን ያህል ሰዓት ለድምፅና ለእግር አይሰጥም። የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው። ቢኤ ተማሪ ትወናን፣ የተውኔት ጽሑፍን፣ የዝግጅት ጥበብን፣ መብራትንና የቴአትር ታሪክን እየቀማመሰ ይማራል፤ በቀረው ሰዓት ኢኮኖሚክስ ወይም ሥነ ሕይወት ሊያጠና፣ ሁለተኛ ዋና ትምህርት ሊይዝ ይችላል። ጊዜም አለው፤ ጊዜ ደግሞ በዚህ ሙያ ቀላል ሀብት አይደለም። የሙዚቃዊ ተውኔት ደራሲው ሊን ማኑኤል ሚራንዳ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የሊበራል አርትስ ተማሪ ሳለ በሁለተኛ ዓመቱ ሙዚቃዊ ተውኔት መጻፍ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ረቂቅ በተማሪዎች የቴአትር ቡድን ታየ፤ ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ2008 ብሮድዌይ ገባ። ያዘጋጀው ቶማስ ኬይልም እዚያው ዌስሊያን ታሪክ አጥንቶ የተመረቀ ነው። ሁለቱን ያገናኛቸው የጋራ ትምህርት ቤታቸውና ሥራው ነው እንጂ የሙያ ሥልጠና አልነበረም።

ይህን ምሳሌ የሚጠቅሱ ሰዎች «እንግዲያው ጸሐፊ ለመሆን ሊበራል አርትስ፣ ተዋናይ ለመሆን ኮንሰርቫቶሪ» ብለው ይደመድማሉ። ነገሩ እንዲህ አልተከፈለም። ቤንጅ ፔሴክና ጀስቲን ፖል የሚሺገን ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃዊ ቴአትር ቢኤፍኤ ተማሪዎች ነበሩ፤ በትምህርት ቤቱ ዝግጅት ውስጥ ትንንሽ ሚና ሲደርሳቸው የራሳቸውን ዘፈኖች ጽፈው ማቅረብ ጀመሩ፤ ዛሬ የሚታወቁት በድርሰታቸው ነው። በተቃራኒው ተዋናይቷ ሜሪል ስትሪፕ እ.ኤ.አ. በ1971 ከቫሳር ኮሌጅ የሊበራል አርትስ ዲግሪዋን ይዛ፣ ከዚያ በየል ዩኒቨርሲቲ የድራማ ትምህርት ቤት ለሁለተኛ ዲግሪ ሠልጥና በ1975 ተመረቀች።

ታዲያ በምን ይመረጥ? እኔ የማምንበት መለያ ተማሪው ትርኢትን ይወዳል ወይስ ልምምድን የሚለው ነው። ብዙ ወጣቶች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መድረክ ላይ ያገኙትን ደስታ ይወዳሉ፤ ጓደኝነቱን፣ የመክፈቻውን ምሽት፣ ጭብጨባውን። ይህ እውነተኛ ፍቅር ነው፤ በሊበራል አርትስ ኮሌጅ ውስጥም ሙሉ በሙሉ ይኖራል። ኮንሰርቫቶሪ ግን የሚፈልገው ማንም በማያይበት ክፍል ውስጥ አንዲትን የድምፅ ልምምድ ለሃምሳኛ ጊዜ ሲደግም የማይሰለቸውን፣ እንዲያውም የሚያርፍበትን ሰው ነው። የዚህን ልብ የሚያውቀው ተማሪው ራሱ ነው። ወላጅም መምህርም ሊገምቱ ይችላሉ፤ ግን ማንም ሳያዘው፣ ትርኢት በሌለበት ወር፣ በራሱ ጊዜ ምን እንደሚሠራ ማየት ከግምት ይሻላል።

ዳንስን በተመለከተ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ብዙ ጊዜ አይነገርምና። ትወናን በሃያ አምስት ዓመት ዕድሜ በሁለተኛ ዲግሪ መማር ይቻላል፤ ስትሪፕ ያደረገችውም ያንኑ ነው። የየል የድራማ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ባገኘው የ150 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ ምክንያት የተማሪዎቹን የትምህርት ክፍያ አስቀርቷል፤ ስለዚህ ይህ መንገድ ከቀድሞው ይልቅ የሚመኙት ሆኗል። ነገር ግን እንዲህ ያሉት የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራሞች በአብዛኛው ያለ ሙዚቃ ለሚቀርብ ተውኔት የሚያሠለጥኑ ናቸው። ሙዚቃዊ ቴአትርን በሁለተኛ ዲግሪ የሚያስተምሩ ጥቂት ናቸው፤ ሰውነትም በዚያ ዕድሜ እንደ አሥራ ስምንቱ ዓመት አይታዘዝም። በብሮድዌይ አጃቢ ቡድን ውስጥ ለመደነስ ቁርጥ ሐሳብ ላለው ሰው ሥልጠናውን ማቆየት ከባድ ዋጋ አለው። በሊበራል አርትስ የሚሄድ ከሆነ በአካባቢው ጥሩ የዳንስ ትምህርት ቤትና የግል የድምፅ መምህር ማግኘት፣ ለእነርሱም ሰዓት መመደብ ይኖርበታል።

አቀባበሉ በጣም ይለያያል። ለቢኤ ብዙ ቦታ ኦዲሽን አይጠየቅም፤ የትምህርት ውጤትና ድርሰት ይበቃሉ። ለቢኤፍኤ መጀመሪያ በቪዲዮ የሚላክ ማጣሪያ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ስሜት ያላቸው አጫጭር ዘፈኖች፣ አንድ መነባንብና የዳንስ ቅንጭብ። ያንን ያለፈ በአካል ይፈተናል። ብዙ ፕሮግራሞች በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ ፈተናውን በኒውዮርክ፣ በቺካጎና በሎስ አንጀለስ በአንድነት ስለሚያካሂዱ አንድ ተማሪ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ በርካታ ትምህርት ቤቶችን ሊያገኝ ይችላል። በስመ ጥሮቹ የሚያመለክተው ከሺህ ይበልጣል፤ የሚገባው ሃያ ገደማ ነው። የድምፅ ዓይነትና ቁመት ሳይቀር ከቡድኑ ጋር እንዲመጣጠን ይታያልና፣ ጎበዝ ልጅ በሁሉም ቦታ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የማመልከቻው ዝርዝር ኦዲሽን የማይጠይቁ ጥቂት ጥሩ ኮሌጆችን ማካተት ይኖርበታል። እነርሱን እንደ መጠባበቂያ ብቻ ማየት ግን ለተቋሞቹም ለተማሪውም አግባብ አይመስለኝም።

ግቢ ሲጎበኝ መጠየቅ ያለበት ትልቁ ጥያቄ በዋና ዝግጅቶች ላይ ሚና የሚያገኘው ማን ነው የሚለው ነው። ቢኤም ቢኤፍኤም በሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲ ቢኤ ተማሪ ኦዲሽን የመግባት መብት ተሰጥቶት መሪ ሚናዎቹ ግን በየዓመቱ ለቢኤፍኤ ተማሪዎች ሊደርሱ ይችላሉ። ቢኤ ብቻ በሚሰጥበት ኮሌጅ ደግሞ ከሱ የሚቀድም የለም፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ትልቅ ሚና ሊይዝ ይችላል። በተቃራኒው አንዳንድ ኮንሰርቫቶሪዎች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪን ጭራሽ ወደ ሕዝብ መድረክ አያወጡም፤ አስቀድሞ መሠረቱ ይጣል ይላሉ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት የዝግጅት መርሐ ግብሮች አውጥቶ የተዋንያኑን ዓመትና ዲግሪ መመልከት ከአስጎብኚው መልስ ይልቅ እውነቱን ያሳያል። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ተማሪ የሚያሰናብት ግምገማ መኖር አለመኖሩም እንዲሁ ይጠየቅ።

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ ልበል። ተዋናይ የሚመርጡ ሰዎች የሚመለከቱት ችሎታውን ነው፤ የተዋንያኑ ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተው አክተርስ ኢኩዊቲ፣ ለአባልነት ዲግሪ አይጠይቅም። የቢኤፍኤ ተመራቂዎች በመጨረሻው ዓመት ለወኪሎችና ለተዋናይ መራጮች ሥራቸውን የሚያሳዩበት መድረክ ጠቃሚ ነው፤ ሥራ ግን ዋስትና የለውም። የተዋናይ ገቢ የሚቆራረጥ በመሆኑ ከባድ የትምህርት ዕዳ ኦዲሽን የሚሄድበትን ሰዓት ይበላበታል። ሁለት የመግቢያ ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ካሉና አንደኛው ያለ ዕዳ የሚያስመርቅ ከሆነ፣ ያኛው ስሙ የቱንም ያህል ቢገን እኔ ያለ ዕዳውን እመክራለሁ። ራሳቸውን ችለው የቆሙ አንዳንድ ኮንሰርቫቶሪዎች ደግሞ ዲግሪ ሳይሆን ሰርተፊኬት ብቻ ይሰጣሉ፤ ከመፈረም በፊት ይጣራ።

ሐሳብን መቀየርስ? ከቢኤፍኤ ወደ ቢኤ መዞር በአብዛኛው ይቻላል፤ የተወሰዱት የቴአትር ኮርሶች ይቆጠራሉ፤ የቀረው አጠቃላይ ትምህርት ይሞላል። ከቢኤ ወደ ቢኤፍኤ መሄድ ግን እንደገና ኦዲሽን መፈተንን፣ ብዙ ቦታም አራቱን ዓመት ከአንድ መጀመርን ይጠይቃል፤ የድምፁና የዳንሱ ኮርሶች ደረጃ በደረጃ የተያያዙ ናቸውና። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ልቡ እኩል ለሁለት የተከፈለ ተማሪ ይህን ልዩነት በሒሳቡ ውስጥ ሊያስገባው ይገባል።