ስለ ጦርነት የምንላቸው ነገሮች፣ ከወሎ ሲታዩ

ስለ ጦርነት ሁላችንም ሊቅ ነን። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ አቦሉ ሳይቀዳ ሰው ለምን እንደሚዋጋ የሚተነትን አይጠፋም። ከሚባለው ውስጥ ግን ተመራማሪዎች ሲፈትሹት የማይጸና ብዙ ነው።

«ሃይማኖትና ብሔር የተቀላቀለበት አገር መጋጨቱ አይቀርም»

ወሎ ላይ ቆሞ ይህን ማለት ይከብዳል። ሠርግ ሲደገስ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፤ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። «እኛማ ልዩ ነን» ብሎ ማለፍም አያስኬድም። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ጀምስ ፊረንና ዴቪድ ሌይቲን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ከ1945 እስከ 1999 የነበሩ 127 የእርስ በርስ ጦርነቶችን መረመሩ። የአገሩ የገቢ መጠን ከግምት ሲገባ፣ የብሔርና የሃይማኖት መብዛት ጦርነት የት እንደሚነሳ አይጠቁምም። የሚጠቁሙት ድህነት፣ የመንግሥት አቅም ማነስና አማፂ የሚሸሸግበት ተራራ ናቸው። (ተራራውስ እኛም ጋ ሞልቷል።)

የወሎ ታሪክ ሁሌ ማር ነበር ማለቴ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ ሙስሊሙ ክርስትና እንዲነሳ አዘዙ። የወሎው መሪ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሆኑ። የሙስሊሙ ሊቅ እነ ሼህ ጦልሃ አሻፈረኝ ብለው ተነሱ፤ ደም ፈሰሰ። ያንን ያመጣው ግን የጎረቤታሞች ቂም ሳይሆን ከላይ የወረደ አዋጅ ነው።

«የራበው ሕዝብ ያምፃል»

ቢሆንማ ኖሮ በ1965 እና 66 ዓ.ም. ረሃብ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው የወሎ ገበሬ ነበር። አልተነሳም። ከብቱን ሸጠ፣ ወደ አስፋልቱ ወጣ፣ መንገድ ዳር ወደቀ። በየካቲት 66 ያመፁት አዲስ አበባ ያሉት ታክሲ ነጂዎችና መምህራን፣ በየጦር ሰፈሩም ወታደሮች ናቸው። ለአመፅ ብሶት ብቻ አይበቃም፤ መደራጀትና ጉልበት ይፈልጋል። ረሃብ ደግሞ መጀመሪያ የሚወስደው እነዚህኑ ነው።

«አገር ውስጥ እህል ስለጠፋ ነው የተራበው» የሚለውም ልክ አይደለም። ኢኮኖሚስቱ አማርቲያ ሴን እንዳሳየው፣ ያኔ ደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አስመራ የወጣ እህል ነበር! ድርቁ የገበሬውን ሰብል ሲያጠፋ መግዣውንም አብሮ ወሰደበት፤ ነጋዴው የሚጭነው ደግሞ ብር ወዳለበት ነው።

«ጦርነት የሚነሳው መሪ ሲያብድ ነው»

እዚህ ላይ መቅደላ ይነሳል። አፄ ቴዎድሮስ ቁጡ ነበሩ፤ ማንም አይክድም። ግን አውሮፓውያኑን ያሰሩት ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ካጣ በኋላ ነው። ፊረን በሌላ ጥናቱ፣ ጦርነት ሁለቱንም ወገን የሚያከስር ሆኖ ሳለ ለምን አይስማሙም ብሎ ይጠይቃል። ከሰጣቸው መልሶች ሁለቱ መቅደላ ላይ ልክ ይመጣሉ። አንደኛ፣ አንዱ ወገን ሌላው ምን ያህል እንደቆረጠ አያውቅም፤ እንግሊዝ ለጥቂት እስረኞች 13,000 ገደማ ወታደር በባሕር እንደምትልክ ማን ይገምታል? ሁለተኛ፣ ቃል ቢገባም እንደሚጠበቅ ማረጋገጫ የለም። ቴዎድሮስ እስረኞቹን ከለቀቁ በኋላም የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር እጃቸውን እንዲሰጡ ጠየቀ። እሳቸውም ሞትን መረጡ። ጦሩ መቅደላን አቃጥሎ፣ ዘርፎ፣ መሬት ሳይዝ ሄደ።

«በእርስ በርስ ጦርነት ሰው የሚገደለው በዓላማው ነው»

የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪው ስታቲስ ካሊቫስ የግሪክን የእርስ በርስ ጦርነት መንደር ለመንደር አጥንቷል። ታጣቂ መንደሩን አያውቅም፤ ማን ከማን እንደሆነ የሚነግረው የሰፈሩ ሰው ነው። ጠቋሚው ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሱን ሒሳብ ያወራርዳል፦ የተገፋበትን ድንበር፣ የተነጠቀችውን እጮኛ። የፖለቲካው ስም ከላይ ይለጠፍበታል። የመሪዎች ስምምነት እንዲህ ያለውን ቂም አይነካውም፤ የትኛው ማሳ ላይ እንደተጀመረ የሚያውቁት የወሎ አስታራቂዎች የሆኑት አበጋሮችና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው።