ፋይበር ሲገባ የጠፋው የቤት ስልክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በብሪታንያ የሚኖሩ ብዙ ወላጆቻችን ለዓመታት ሳይለወጥ የኖረ የቤት ስልክ ቁጥር አላቸው። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያለው ዘመድ በቃሉ የሚያውቀው፣ ሐኪም ቤቱም በመዝገቡ የያዘው ይህንኑ ቁጥር ነው። ስለዚህ ፋይበር (በድሮው የመዳብ ሽቦ ፈንታ በቀጭን የመስታወት ገመድ የሚመጣው ኢንተርኔት) በገባ ማግስት ኢንተርኔቱ ፈጥኖ ስልኩ ጭጭ ሲል የሚፈጠረው ድንጋጤ ቀላል አይደለም፤ በድንጋጤው መካከል የሚወሰዱ እርምጃዎችም ቁጥሩን ይበልጥ የሚያርቁበት ጊዜ አለ። ከዚህ በታች ያሉት በየቤቱ የሚሰሙ አመለካከቶች ናቸው፤ የተጠቀሱት ቀኖችም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

«ቴክኒሻኑ ሽቦውን ቆርጦት ሄደ»

ይህ አልፎ አልፎ እውነት ሊሆን ቢችልም፣ አብዛኛውን ጊዜ የመዳቡ ሽቦ ሳይነካ በቦታው አለ። የተቋረጠው በሽቦው ላይ ይሰጥ የነበረው አገልግሎት ነው። ፋይበር የሚያስተላልፈው ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስላልሆነ፣ አሮጌው ስልክ ከስልክ ጣቢያው ይቀበለው የነበረውን ወደ 50 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ሊያደርስለት አይችልም፤ በዚህም ምክንያት ድምፁ እንደማንኛውም መረጃ በኢንተርኔቱ ላይ ተጭኖ እንዲሄድ ይደረጋል። የመዳቡን አውታር የሚያስተዳድረው ኦፕንሪች ከመስከረም 2023 ጀምሮ የድሮውን ዓይነት የስልክ መስመር ለአዲስ ደንበኛ መሸጥ በመላ አገሪቱ አቁሟል። የፋይበር ትእዛዝ ሲገባም የድሮው አገልግሎት በዚያው ትእዛዝ የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ሽቦውን ማን ቆረጠው?» ሳይሆን «ባዘዝኩት ውል ውስጥ የስልክ አገልግሎት አለ ወይ?» የሚለው ነው። የቤት ስልክ ጨርሶ የማይሸጡ የፋይበር ኩባንያዎች አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ደንበኛው ለይቶ ካልጠየቀ በውሉ ውስጥ አያካትቱትም። አሮጌው መስመር በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ስልኩን በድሮው ዋና ሶኬት ላይ ሰክቶ 17070 መደወል ይቻላል፤ በኦፕንሪች መስመር ላይ ከሆነ የተቀረጸ ድምፅ ቁጥሩን ያነባል። ድምፁ ከተሰማ መስመሩ አልተዘጋም ማለት ነው፤ ምናልባትም አሁንም እየተከፈለበት ይሆናል።

«ስልኩ እንደ ድሮው ግድግዳው ላይ ይሰካል»

አገልግሎቱ ተካቶ እያለ ስልኩ ዝም ካለ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። አዲሱ የስልክ መሰኪያ ያለው ራውተሩ ጀርባ ላይ ነው፤ የስልኩ መሰኪያ አልገጥም ካለ ትንሽ ማገናኛ ያስፈልጋል፤ ብዙ ኩባንያዎችም ከራውተሩ ጋር ይልኩታል። በየክፍሉ የተዘረጉት የድሮ ሶኬቶች ከዚህ በኋላ አይሠሩም። ቀላሉ መፍትሔ ባለብዙ ቀፎ ገመድ አልባ ስልክ ነው፤ ዋናው መቀመጫ ከራውተሩ ጋር ይያያዛል፣ የቀሩት ቀፎዎች ግን የኤሌክትሪክ ሶኬት ካገኙ የትም ክፍል ሊቀመጡ ይችላሉ።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም ሰውን ያሳስታሉ። በአዲሱ መስመር ለንደን ውስጥ ወደ ለንደን ሲደወል እንኳ 020 መቅደም አለበት። ደግሞም የስልኩ ምዝገባ ብዙ ጊዜ ኩባንያው በላከው ራውተር ውስጥ የተቀመጠ በመሆኑ፣ «የተሻለ ነው» ተብሎ በገበያ በተገዛ ራውተር ሲተካ ኢንተርኔቱ እየሠራ ስልኩ ሊጠፋ ይችላል።

«ቁጥሩ ከመስመሩ ጋር አብሮ ይሞታል»

ቁጥርን ይዞ ወደ ሌላ ኩባንያ መሄድ የቴሌኮም ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ያጸናው የደንበኛው መብት ነው። ቁጥሩን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ የቅደም ተከተል ስሕተት ነው፦ ደንበኛው ሁለት ሒሳብ ላለመክፈል በማሰብ ወደ አሮጌው ኩባንያ ደውሎ መስመሩን ያዘጋል፤ አዲሱ ኩባንያ ቁጥሩን ሲጠይቅ ደግሞ ቁጥሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ትክክለኛው አካሄድ ለአዲሱ ኩባንያ ቁጥሩን በግልጽ መንገርና የማዛወሩን ጥያቄ እንዲያቀርብ መተው፣ የአሮጌውን ውል ግን እስከዚያው በገዛ እጅ አለማቋረጥ ነው። ከመስከረም 12 ቀን 2024 ጀምሮ በሚሠራው አዲስ ሥርዓትም ደንበኛው የሚያነጋግረው አዲሱን ኩባንያ ብቻ ነው፤ የቀረውን ሁለቱ ኩባንያዎች እርስ በርሳቸው ይጨርሳሉ። መስመሩ ቀድሞ ተዘግቶ ከሆነም ተስፋ አይቆረጥም፤ ውል ከተቋረጠ በኋላ እስከ አንድ ወር ድረስ ቁጥሩን የመጠየቅ መብት አለ። ይህ ወር ግን «ነገ እደውላለሁ» እየተባለ በከንቱ ሊያልፍ አይገባውም።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ይህ የማዛወሪያ ሥርዓት ደንበኛውን የሚያመሳክረው በአድራሻው፣ በአሁኑ ኩባንያው ስምና በቤተሰብ ስሙ ነው። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። በአንዱ ሒሳብ ላይ የአባት ስም፣ በሌላው ላይ የአያት ስም ይመዘገባል፤ ያም ባይሆን ያው ስም በላቲን ፊደል በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ይገኛል፤ ወይም ሒሳቡ በእናት፣ አዲሱ ትእዛዝ ደግሞ በልጅ ስም ይሆናል። ጥያቄው ውድቅ ሲደረግ ቤተሰቡ ጥፋቱን ከገመድ ይፈልጋል፤ ከማዘዝ በፊት ግን የድሮውን የሒሳብ ወረቀት አውጥቶ ስሙን ፊደል በፊደል እንዳለ መገልበጥ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

«መደወል ከቻልኩ ቁጥሩ ተዛውሯል»

ወደ ውጭ መደወል መቻል ቁጥሩ በትክክል መዛወሩን አያረጋግጥም። በብሪታንያ ወደ ተዛወረ ቁጥር የሚደረግ ጥሪ በተለምዶ መጀመሪያ የሚያመራው ቁጥሩ ከመነሻው ወደተመደበለት ኩባንያ ነው፤ ከዚያም ወደ አዲሱ ይተላለፋል። በዚያ ያለው መረጃ በትክክል ካልተስተካከለ፣ ከአንዳንድ ኩባንያዎች የሚመጣው ጥሪ ሲገባ ከሌሎቹ የሚመጣው ሳይገባ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከተለያዩ ኩባንያዎች ሞባይሎች፣ ከኢትዮጵያም ጭምር፣ ወደ ቤቱ ማስደወል ይገባል። ጥሪ የማይገባ ከሆነ የተደወለበት ሰዓት፣ የደዋዩ ኩባንያና የሰማው ድምፅ ተመዝግበው ይቀመጡ፤ «ስልኩ አይሠራም» ከማለት ይልቅ «ከዚህ ኩባንያ የሚመጣ ጥሪ አይገባም» ማለት ጉዳዩን ወደሚመለከተው ክፍል በፍጥነት ያደርሰዋል።

«መብራት ቢጠፋም የቤት ስልክ አይጠፋም»

ከሁሉ በላይ አደገኛው እምነት ይህ ነው፤ በመዳብ ዘመን እውነት ስለነበረም ከአእምሮ በቀላሉ አይወጣም። አሁን ራውተሩና የፋይበሩ ሣጥን የሚሠሩት በቤቱ መብራት ነው፤ መብራቱ ከሄደ 999 ለመደወል እንኳ አይቻልም። ሞባይል ለሌላቸው ወይም ቤታቸው የሞባይል ሲግናል ለማይገባ፣ በቤት ስልካቸው ላይ ብቻ ለሚተማመኑ ሰዎች ኩባንያው መብራት ሲጠፋ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የአደጋ ጥሪ ማድረግ የሚያስችል መፍትሔ ያለ ክፍያ እንዲያቀርብ የኦፍኮም መመሪያ ያስቀምጣል። ሆኖም ያለባቸውን ችግር ያልነገሩት ኩባንያ ላያውቅ ይችላል፤ ስለዚህ በትእዛዙ ጊዜ መንገር ያስፈልጋል።

አንገታቸው ላይ የአደጋ መጥሪያ ቁልፍ የሚያንጠለጥሉ አረጋውያን ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ፣ ፋይበሩ ከመግባቱ በፊት ለስልኩም ለቁልፉም ኩባንያ መነገር አለበት፤ ከገባም በኋላ ቁልፉን ተጭኖ መልስ የሚሰጥ ሰው መኖሩ መረጋገጥ አለበት። በዚህ ሽግግር ወቅት ቁልፎች ሳይሠሩ ቀርተው ከባድ አደጋ በመድረሱ፣ በታኅሣሥ 2023 መንግሥት ዋና ዋናዎቹን ኩባንያዎች የጥበቃ ቃል አስገብቷቸዋል።

«ፋይበሩን ብመልሰው አሮጌው መስመር ይመለስልኛል»

በአብዛኛው አይመለስም። ሽያጩ ቆሟል፤ አሮጌው የስልክ አውታር በመላ አገሪቱ ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ የተያዘው ቀንም ከ2025 መጨረሻ ወደ ጥር 31 ቀን 2027 ተላልፎ የተቀመጠ ነው።

«ቅሬታ ማቅረብ ዋጋ የለውም»

ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ አውቶማቲክ የካሳ ሥርዓት አለ። ሙሉ በሙሉ የተቋረጠ አገልግሎት ከሁለት ሙሉ የሥራ ቀናት በኋላ ካልተጠገነ ለእያንዳንዱ ቀን ካሳ ይታሰባል፤ ሲጀመር በቀን 8 ፓውንድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከዋጋ ንረቱ ጋር ጨምሯል። ቴክኒሻኑ ቀጠሮ ሰጥቶ ከቀረም፣ አዲሱ አገልግሎት ቃል ከተገባው ቀን ከዘገየም ለየብቻው ይከፈላል። ሥርዓቱን የሚቀበሉት ፈቅደው የገቡ ኩባንያዎች ብቻ ስለሆኑ ኩባንያዎ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ያጣሩ። ኩባንያው ቅሬታውን በጊዜው ካልፈታው ጉዳዩን ለደንበኛው በነፃ ወደሚያይ ገለልተኛ የሽምግልና ተቋም መውሰድ ይቻላል።

ቅሬታው ግን በጽሑፍ ይሁን፤ የጠፋው ቁጥርም ከኢንተርኔቱ ጉዳይ ተለይቶ የራሱ የቅሬታ መለያ ቁጥር ይሰጠው። ሁለቱ በአንድ መዝገብ ከተያዙ፣ ኢንተርኔቱ መሥራቱን ያየ ሠራተኛ መዝገቡን «ተፈትቷል» ብሎ ይዘጋዋል።