ማሟሟቅ ምንድን ነው? ጡንቻ ሲሞቅ በውስጡ ምን ይካሄዳል?

ሩጫ ስትጀምሩ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይከብዳሉ። እግር እንጨት ይሆናል። ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "ዛሬስ አቅም የለኝም" ብላችሁ ልትመለሱ ስትሉ፣ አሥረኛው ደቂቃ አካባቢ ሰውነታችሁ ይፍታታል። እግሩም ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው፤ እርምጃው ግን ቀሎላችኋል። ብዙ ሰው ይህን የስሜት ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። አብዛኛው ግን የሙቀት ጉዳይ ነው።

ማሟሟቅ ማለት ከከባድ እንቅስቃሴ በፊት የጡንቻን ሙቀት ከፍ ማድረግ ነው። ቃሉ ራሱ ይናገራል። ያም ሆኖ አሰልጣኝ "አሟሙቁ" ሲል ብዙዎቻችን ቆመን እግራችንን መወጠር እንጀምራለን። ያ ማፍታታት ነው እንጂ ማሟሟቅ አይደለም። በቆመበት የተወጠረ ጡንቻ ይሳባል እንጂ እምብዛም አይሞቅም። እንዲያውም አንዱን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ወጥሮ መያዝ፣ ወዲያው ለሚከተል ዝላይ ወይም ፈጣን ሩጫ የሚያስፈልገውን ጉልበት በጥቂቱ ይቀንሳል። ማፍታታት የራሱ ጥቅም አለው። ቦታው ግን ሌላ ነው።

የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ነው ሲባል ሰምተናል። ይህ ግን የልብ፣ የጉበትና የመሳሰሉት የውስጥ አካላት ሙቀት ነው። ያረፈ የጭን ጡንቻ ከዚያ ዝቅ ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ከ33 እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብርድ ላይ ከቆማችሁ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። መንቀሳቀስ ስትጀምሩ ሙቀቱ በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 5 ደቂቃዎች ውስጥ ቶሎ ይወጣል። ከዚያ እየዘገየ ሄዶ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ 38 ዲግሪን አልፎ ይረጋጋል። ያ "ሰውነቴ ተፍታታ" የምትሉበት ደቂቃ እዚህ ላይ ነው።

ሙቀቱ ከየት መጣ? ከራሱ ከጡንቻው። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ውስጥ ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ከ20 እስከ 25 በመቶው ብቻ ነው። የቀረው በሙሉ ሙቀት ይሆናል። እንግሊዛዊው አርቺባልድ ሂል ከእንቁራሪት ጡንቻ የሚወጣውን ይህን ጥቂት ሙቀት እጅግ ስስ በሆነ መሣሪያ ለክቷል። እ.ኤ.አ. የ1922ቱን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ከኦቶ ማየርሆፍ ጋር የተካፈለውም በዚሁ ሥራው ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ሙቀት እንደ ብክነት ይነገራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጡንቻ የሚያወጣውን ሙቀት መልሶ ለራሱ ይጠቀምበታል።

እንዴት? ጡንቻ የሚኮማተረው ማዮሲን የሚባለው ፕሮቲን አክቲን የሚባለውን ክር እየያዘ፣ እየሳበ፣ እየለቀቀ መልሶ ሲይዘው ነው። ብዙ ሰዎች አንድ ገመድ በእጅ እየተቀባበሉ ሲጎትቱ አስቡ። ሙቀት የሰዎቹን ቁጥር አይጨምርም። እጃቸውን ግን ያፈጥነዋል። ለዚህ ነው ሞቃት ጡንቻ ከቀዝቃዛው እምብዛም የማይጠነክረው፤ የሚበልጠው በፍጥነት ነው። የማይነቃነቅ ግድግዳ በሙሉ ኃይላችሁ ብትገፉ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ብትዘሉ፣ ኳስ ብትመቱ፣ ብትፈተለኩ ግን በደንብ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ አንድ ሙከራ ይህን ጥርት አድርጎ አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ እግራቸውን የተለያየ ሙቀት ባለው ውሃ ውስጥ እየነከሩ በሙሉ አቅማቸው ብስክሌት ረገጡ። ከ44 ዲግሪ ውሃ ወጥተው ሲረግጡ ከፍተኛ ጉልበታቸው በ11 በመቶ ገደማ ጨመረ። ከ12 ዲግሪ ውሃ ሲወጡ ደግሞ በ21 በመቶ ገደማ ወረደ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ውጤት ነው። በዝግታ ሲረግጡ አንድ ዲግሪ ሙቀት የጨመረላቸው 2 በመቶ ያህል ነበር። እጅግ በፍጥነት ሲረግጡ ግን አንድ ዲግሪ ወደ 10 በመቶ ተጠጋ። እንቅስቃሴያችሁ በፈጠነ ቁጥር ማሟሟቅን መዝለል የሚያስከፍላችሁም ይበዛል ማለት ነው።

ሌሎች ነገሮችም አብረው ይለወጣሉ። በሞቃት ጡንቻ ውስጥ ደም የያዘውን ኦክስጅን በቀላሉ ይለቃል። ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሄደው መልእክት ይፈጥናል። ጡንቻውና መገጣጠሚያው ሲንቀሳቀስ የሚገጥመው ግትርነት ይቀንሳል።

ችግሩ ሙቀቱ ተቀማጭ አለመሆኑ ነው። በእግር ኳስ ላይ በተደረገ ጥናት፣ በ15 ደቂቃው እረፍት ዝም ብለው የተቀመጡ ተጫዋቾች የጡንቻቸው ሙቀት ከ1 ዲግሪ በላይ ወርዶ ተገኝቷል። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመርም የአጭር ርቀት ሩጫቸው ዘግይቷል። ከእረፍቱ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቀለል አድርገው የተንቀሳቀሱት ግን አልቀዘቀዙም። እ.ኤ.አ. በ2012ቱ የለንደን ኦሎምፒክ የብሪታንያ ብስክሌተኞች ከውድድር በፊት በባትሪ የሚሞቅ ሱሪ የለበሱት ለዚሁ ነው። እናንተ ባለባትሪ ሱሪ አያስፈልጋችሁም። አሟሙቃችሁ ስትጨርሱ ልብስ ደርቡ፤ ብዙም አትቀመጡ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፈጠን ባለ እርምጃ ወይም በሶምሶማ ጀምሩ። ወሬ ማውራት እየቻላችሁ ላብ ጠብ ሲል በቂ ነው። ከዚያ ልትሠሩት ያሰባችሁትን እንቅስቃሴ ራሱን ቀለል አድርጋችሁ ሥሩት። ክብደት የሚያነሳ በባዶ ብረት ይጀምር፤ የሚሮጥ ፍጥነቱን በየጥቂቱ ይጨምር። ለእግር ኳስ ተጫዋቾች "11 ፕላስ" የሚባል 20 ደቂቃ የሚፈጅ ፕሮግራም አለ። ሩጫ፣ የጉልበትና የሚዛን እንቅስቃሴ አንድ ላይ አለው። በኖርዌይ ታዳጊ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ውጤት አጠቃላይ ጉዳትን በሲሶ ያህል ቀንሷል። እዚያ ላይ የሠራው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ጉልበቱና ሚዛኑም ድርሻ አላቸው።

ታዲያ ሙቀት ሲበዛ ይሻላል ማለት ነው? አይደለም። ለጡንቻ የሚበጀው ሙቀት ለመላው ሰውነት ሲበዛ ጠላት ይሆናል። በሙቀት ውስጥ ብስክሌት የረገጡ የሠለጠኑ ሰዎች፣ ሲጀምሩ ሰውነታቸው ቀዝቃዛም ይሁን ሞቃት፣ አቅም አንሷቸው ያቆሙት የውስጥ ሙቀታቸው 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነበር። ሞቀው የጀመሩት ቶሎ ደረሱበት። ስለዚህ 100 ሜትር የሚሮጥ ሰው በደንብ ይሙቅ። በጠራራ ፀሐይ ረጅም ርቀት የሚሮጥ ግን ማሟሟቁን ያሳጥር፤ ራሱን ያቀዝቅዝ።

እስካሁን ያወራነው ስለ ፍጥነትና ጉልበት ነው። ለጤና ግን ትልቁ ነገር ስኳር ላይ ነው። ኢንሱሊን ከደም እንዲወጣ ከሚያዘው ስኳር አብዛኛውን የሚቀበለው ጡንቻ ነው። ስኳሩ የሚገባባቸው በሮች በጡንቻ ሴል ውስጥ ተሰብስበው ይቆያሉ፤ ሲጠሩ ወደ ሴሉ ሽፋን ይወጣሉ። ሳይንሱ ግሉት 4 ይላቸዋል። የተለመደው ጠሪ ኢንሱሊን ነው። በዓይነት 2 ስኳር በሽታ ጥሪው እየተሰማ አይደለም፤ በሮቹ በሚገባ አይወጡም፤ ስኳሩም ደም ውስጥ ይከማቻል። ጡንቻ ሲሠራ ግን በሮቹን በሌላ መንገድ ይጠራቸዋል። ኢንሱሊን አይጠብቅም። ከእንቅስቃሴው በኋላም ጡንቻው ለኢንሱሊን ያለው ስሜት ለአንድ ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 48 ሰዓት ድረስ የተሻለ ሆኖ ይቆያል። ከሁለት ቀን በላይ ሳትንቀሳቀሱ አትቆዩ የሚባለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ሳንንቀሳቀስ ሰውነትን ብናሞቀውስ?

ጥያቄው ሞኝነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ የፍሬ ዝንቦችን ያጠና ነበር። አንድ ባልደረባው የማሞቂያ ሳጥኑን ሙቀት ሳያስበው ከፍ አደረገው። ሪቶሳ በዝንቦቹ ክሮሞሶም ላይ ያልለመደው እብጠት አየ። ሴሉ ለሙቀቱ መልስ እየሰጠ ነበር። ከዚያ የተገኙት የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲኖች ይባላሉ። ሥራቸው ሌሎች ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን እንዳያጡ መደገፍ ነው። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች የኢንሱሊንን ጥሪ የሚያፍኑ ምልክቶችንም ሲቀንሱ ታይተዋል። ዓይነት 2 ስኳር ባለባቸው ሰዎች ጡንቻ ውስጥ ደግሞ አነስ ብለው ተገኝተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ ሐኪም ስምንት የዓይነት 2 ስኳር ታካሚዎችን በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ለሦስት ሳምንት ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀመጠ። የጾም ስኳራቸው በአማካይ ከ182 ወደ 159 ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ በ40 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት መቀመጥ ብስክሌት ከመርገጥ ጋር ተነጻጽሯል። ውሃው 140 ካሎሪ ገደማ አስወጣ፤ ብስክሌቱ 630 ገደማ። ከምግብ በኋላ የታየው የስኳር ከፍታ ግን ውሃ ውስጥ በተቀመጡበት ቀን 10 በመቶ ያህል አንሶ ነበር። በፊንላንድም ተመራማሪዎች ከ2,300 በላይ ወንዶችን ለ20 ዓመት ገደማ ተከታትለዋል። በሳምንት ከ4 እስከ 7 ጊዜ ሳውና (በጣም የሚሞቅ ክፍል) የሚገቡት አንዴ ከሚገቡት ይልቅ በልብ ሕመም በድንገት የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነበር።

ነገሩ ደስ ይላል፤ ግን አትቸኩሉ። ስምንት ሰው ጥቂት ነው። የፊንላንዱ ደግሞ ክትትል ነው። ሳውና አዘውትሮ የሚገባ ሰው መጀመሪያውኑ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ሙቅ ውሃ ልብን ትንሽ ያሠራል፤ አጥንትን ግን አያጠነክርም፣ ደረጃ መውጣትም አያስለምድም። መንቀሳቀስ ለሚችል ሰው ምትክ አይሆንም። ጉልበቱ ለታመመ፣ በዊልቸር ለሚሄድ፣ ከቀዶ ሕክምና ለሚያገግም ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። "እንቅስቃሴ አድርግ" ተብሎ ብቻ ለሚሸኝ ሰው ሙቀት አንድ እውነተኛ አማራጭ ሊሆን ይችላል። ይህ ምርምር በርትቶ እንዲቀጥል የምመኘውም ለእነሱ ስል ነው።

ሙቀትን የምትሞክሩ ከሆነ ውሃ ጠጡ። ስትወጡ ቀስ ብላችሁ ተነሱ፤ የደም ግፊት ይወርድና ያዞራል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ስኳር ኖሮባችሁ እግራችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ የውሃውን ሙቀት በእግራችሁ አትለኩ፤ ሳይሰማችሁ ሊያቃጥላችሁ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። ሙቀት የተወጋውን ኢንሱሊን ቶሎ ወደ ደም ያስገባዋል፤ ስኳር ድንገት ሊወርድ ይችላል። ከመግባቱ በፊትም ከወጣ በኋላም ይለካ፤ ብቻውንም አይግባ።