በአደራ ቤተሰብ ያደጉና መኖሪያ ያጡ ተማሪዎች በአሜሪካ ኮሌጆች

ዩናይትድ ስቴትስ ውስጥ ወላጆቹ በደል ያደረሱበት ወይም ሊያሳድጉት ያልቻሉ ልጅ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በመንግሥት ኃላፊነት ሥር ይውልና ለአደራ ቤተሰብ ይሰጣል። አሠራሩ ፎስተር ኬር ይባላል። ጥበቃው በአብዛኛው ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ያበቃ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የፌዴራል ሕግ ግዛቶች እስከ 21 ዓመት ማራዘም እንዲችሉ የፌዴራል ገንዘብ ፈቀደላቸው። ወጣቱ ኮሌጅ የሚገባው እንግዲህ መንግሥት እጁን በሚያነሳበት ዕድሜ ላይ ነው። የችካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢሊኖይ፣ በአዮዋና በዊስኮንሲን በአደራ ያደጉ ወጣቶችን ለዓመታት ተከታትለው በ2011 ባወጡት ውጤት፣ በ26 ዓመታቸው የሁለት ወይም የአራት ዓመት ዲግሪ የያዙት 8 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከአገሪቱ እኩዮቻቸው መካከል ግን 46 በመቶ ያህሉ ይዘው ነበር።

የክፍያው ጉዳይ ከሌላው ሁሉ በተሻለ ተሠርቶበታል። ከ13ኛ ዓመቱ በኋላ ለአንድ ቀን እንኳ በአደራ ጥበቃ ሥር የነበረ ተማሪ፣ ኋላ ጉዲፈቻ ቢሆንም፣ ፋፍሳ በሚባለው የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ላይ ራሱን እንደቻለ ሰው ይቆጠራል፤ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። ፔል ግራንት ከሚባለው፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች ከሚሰጠው የማይመለስ የፌዴራል ድጋፍ በተጨማሪ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ የትምህርትና ሥልጠና ቫውቸር አለ። ቫውቸሩ እስከ 26 ዓመት ዕድሜ፣ በጠቅላላው ከአምስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ይሰጣል። ቴክሳስን የመሳሰሉ ግዛቶች ደግሞ የመንግሥት ኮሌጆችን የትምህርት ክፍያ ጨርሶ ያነሱላቸዋል።

ከወላጅ ተለይቶ መኖሪያ ያጣ ወጣትም በፋፍሳ ራሱን እንደቻለ ይቆጠራል፤ ነገር ግን ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ መከራው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ በ1987ቱ የማኪኒ-ቬንቶ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ የትምህርት ወረዳ ቤት ለሌላቸው ተማሪዎች ሁኔታቸውን የሚያረጋግጥላቸው ተጠሪ አለው። ኮሌጅ ላይ ግን ይህ የፌዴራል ሕግ ግዴታ የለም። በመኪና የሚያድር ወይም ከጓደኛ ሶፋ ወደ ጓደኛ ሶፋ የሚዘዋወር ልጅ ችግሩን ለማያውቀው ሠራተኛ በየዓመቱ እንደ አዲስ ሲያስረዳ መኖር ነበረበት። በ2020 መጨረሻ የጸደቀው የፋፍሳ ማሻሻያ ይህን አቀለለው፤ አንድ ጊዜ የተረጋገጠለት ተማሪ እዚያው ኮሌጅ እስከቆየ ድረስ፣ የሚቃረን መረጃ ካልመጣ በቀር፣ በሚቀጥለው ዓመት ዳግም አይጠየቅም። ቤት ያጣበት ምክንያትም ውሳኔውን እንዳይነካ ተደንግጓል። ለወጣቶቹ ክብር ሲባል ከዚህ በፊት መደረግ የነበረበት ነገር ነው።

ከገንዘብም ከወረቀትም ይልቅ ብዙዎቹን የሚያሰናክለው ግን የትምህርት ዘመኑ አቆጣጠር ይመስለኛል። ብዙ ዶርሞች በገና ዕረፍትና በክረምት ይዘጋሉ፤ ሁሉም ተማሪ የሚሄድበት ቤት እንዳለው ታስቦ ነው። የሚሄድበት የሌለው ተማሪ ፈተናውን እንደጨረሰ ሻንጣውን ይዞ ማደሪያ ፍለጋ ይወጣል፤ አዲሱ ሴሚስተር ሲጀምርም ደክሞ ነው የሚመለሰው። ካሊፎርኒያ በ2015 ባወጣችው ሕግ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎቿና ማደሪያ ያላቸው ኮሚዩኒቲ ኮሌጆቿ ቤት ላጡ ወጣቶች ቅድሚያ እንዲሰጡ፣ በተለይም ዓመቱን ሙሉ በማይዘጉ ሕንፃዎች እንዲያስቀድሟቸው አድርጋለች። በዋሽንግተን ግዛት የታኮማ የቤቶች ባለሥልጣንና የከተማዋ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በ2014 ለተማሪዎች የኪራይ ድጎማ መስጠት ጀምረው ነበር።

የተሻለ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ለተማሪው አንድ የታወቀ ሰው የሚሰጡት ናቸው። በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፉለርተን በ1998 የተጀመረው ጋርዲያን ስኮላርስ ለብዙ ኮሌጆች አርአያ ሆኗል። በዌስተርን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ2008 የተከፈተው ሴይታ ስኮላርስ ስሙን ያገኘው በአደራ ቤት አድገው እዚያው ከተማሩት ከዶክተር ጆን ሴይታ ነው። ተማሪው የሚመደብለት አማካሪ ስለ ውጤቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ጤናው፣ ስለ ኪራዩና ስለ ዕረፍት ጊዜው ይጠይቀዋል፤ ሌላው ተማሪ እናቱን ደውሎ የሚጠይቀውን እርሱ የሚጠይቀው አማካሪውን ነው።

ከእኛ አካባቢ የሄዱም አሉበት። ያለ ወላጅ የተሰደዱ ልጆችን የሚቀበል የተለየ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የስደተኛ ካምፖች ያለፉ ኤርትራውያን ታዳጊዎችን ሚሺጋንንና ዋሽንግተንን በመሳሰሉ ግዛቶች ለአደራ ቤተሰብ ሰጥቷል። የስደተኝነት ዕውቅና ይዘው የገቡት የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ የማግኘት መብት አላቸው። ስለዚህ ፋፍሳ ሲሞሉ በሌላ አገር የቀሩ ወላጆቻቸውን ገቢ ማፈላለግ ሳይሆን በአደራ ጥበቃ ሥር እንደነበሩ የሚያሳየውን የፍርድ ቤት ወይም የኤጀንሲ ደብዳቤ መያዝ ይበቃቸዋል።