መዝሙሩ አስለቀሰኝ፤ ከዚያስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሳኦልን ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና ይደረድርለት ነበር፤ ንጉሡም ቀለል ይለው፣ ያርፍም ነበር (1ኛ ሳሙ. 16፥23)። ሁለት ምዕራፍ አለፍ ስንል ያው ዳዊት በገናውን እየደረደረ ነው፤ ሳኦል ግን ከግድግዳው ጋር ሊያጣብቀው ጦር ይወረውርበታል። ደርዳሪው አልተለወጠም፤ የዜማው ጣዕምም አልቀነሰም።

ወደ አገራችን እንምጣ። 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ አክሱም። ቅዱስ ያሬድ ሲዘምር ዐፄ ገብረ መስቀል ቆሞ ያዳምጣል፤ ከመመሰጡ የተነሣ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተክሎ ይደገፍበታል። ደም ይፈሳል፤ የወጋውም የተወጋውም አላወቁም። ማኅሌቱ ሲያበቃ ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለና ስለ ደምህ የወደድከውን ለምነኝ አለው። ያሬድም መንኖ እንዲሄድ እንዲያሰናብተው ለመነ። ንጉሡ አዘነ፤ ቃሉን ግን አላጠፈም። ስንክሳራችን ግንቦት 11 ቀን የሚያነብልን ታሪክ ነው። ብዙ ሰባክያን ደሙ ላይ ይቆማሉ፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ንጉሡ ዜማው ካለቀ በኋላ ያደረገው ነው። እንደዚያ የመሰጠውን ድምፅ ዳግመኛ እንደማይሰማው እያወቀ አሰናበተው።

ሁለት ነገሥታት፣ ሁለት ጦር። ሁለቱም በመዝሙር ልባቸው ተነክቷል።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ዐቢይ ጾም ሲገባ እኛ ጅማ ላይ እንባ ይበረክታል። በመጀመሪያዎቹ ካፊያዎች ቡናው ነጭ ያብባል፤ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ማታ ማታ የሰርክ ጉባኤው ላይ በገና ሲደረደር ነጠላውን ፊቱ ላይ የማይጥል ሰው ጥቂት ነው። ሲወጡም «ዛሬ እንዴት አለቀስኩ መሰለህ!» ይባላል። ጥሩ ነው። ግን ምን አስለቀሰን?

አንዱ ዜማው ራሱ ነው። መምህራኖቻችን ከሦስቱ የያሬድ ዜማዎች አራራይን ልብ የሚያራራ፣ የሚያሳዝን ይሉታል። በገናውን ቀርባችሁ እዩት፤ በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹ በሚያርፉበት በብርኩማው መካከል እንዝራ የምትባል ትንሽ ቁርበት አለች። ያንን ደረት ውስጥ የሚገባ ንዝረት የምታመጣው እርሷ ናት። ጆን ስሎቦዳ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጥናት ሰዎችን የትኛው የዜማ ቦታ እንደሚያስለቅሳቸው ጠይቆ ነበር። ብዙ ጊዜ የተጠቆመው ዜማው ማረፊያው ላይ ከመድረሱ በፊት አጠገቡ ባለ ድምፅ ላይ የሚዘገይበት ቦታ ነው። ቅኔ ማኅሌት ያደገ ሰው ይህን ያለ ጥናት ያውቀዋል፤ መሪጌታው ያረዝሟታል፣ ያረዝሟታል፣ ልትወድቅ ስትል ሆድህ ይባባል።

ሌላው ትዝታ ነው። «በባቢሎን ወንዞች አጠገብ በዚያ ተቀመጥን፤ ጽዮንንም ባሰብናት ጊዜ አለቀስን» (መዝ. 136፥1)። ጅማ ደግሞ የመጤ ከተማ ናት፤ ለትምህርት የመጣ፣ ለቡና ንግድ የመጣ፣ በሥራ ተመድቦ የቀረ ይበዛል። የአንደኛ ዓመት ተማሪዋ እናቷ ጥጥ ስትፈትል የምታንጎራጉረውን መዝሙር ድንገት ጉባኤ ላይ ስትሰማ ብታለቅስ ምን ይገርማል? ያለቀሰችው ለእናቷ ነው። በዚህ ማንም አይነቅፋትም።

ግን እንዲህ ያለውን እንባ ሁሉ መንፈስ ቅዱስ ዳሰሰኝ እያልን አንተርጉመው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በመንዙማ ሲያለቅሱ እያየን አድገናል፤ በዘፈን የሚያለቅስም ሞልቷል። እንባማ የአዳም ልጅ ሁሉ ነው።

ሦስተኛው ቃሉ ነው። ጴጥሮስን ያስለቀሰውን አስቡ። በገና አልተደረደረለትም፤ ዶሮ ነው የጮኸው። ለዚያውም ሌሊት፣ በብርድ፣ በጠላት ግቢ። የዶሮ ጩኸት ምን ዜማ አለው? ነገር ግን ጌታ የነገረው ቃል ትዝ አለውና ወደ ውጭ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ (ማቴ. 26፥75)። ከዚያ ሌሊት በኋላ ጴጥሮስ ሌላ ሰው ነው። ዔሳውም አልቅሷል፤ በእንባ ተግቶ ቢፈልገውም ለንስሐ ስፍራ አላገኘም (ዕብ. 12፥17)። እርሱ ያለቀሰው ለቀረበት በረከት እንጂ ለናቀው ብኩርና አልነበረም።

በቀደም ከአጂፕ ወደ ቆጪ በባጃጅ እየሄድኩ ነው። ዝናብ ስለያዘ ልጁ ሸራውን አውርዶ ስለ ሞት የሚናገር የበገና መዝሙር ከፍቷል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፤ «እውነት ነው፣ ምን ይዘን ልንሄድ!» ይላሉ። እኔም ሆዴ ባባ። ሲወርዱ መቶ ብር ሰጡት፤ ዝርዝር የለውም። «እማማ ቆዩኝ፣ ከሱቅ ልዘርዝር» ከማለቱ «ሌባ! የሌባ ዘር! ልታስቀርብኝ ነው?» ብለው የእርግማን መዓት አወረዱበት። መዝሙሩ ገና አላለቀም፤ ስለ ከንቱው ዓለም እየቀጠለ ነው። እኚህ እናት ከቀብር ይሁን ከሆስፒታል የመጡት አላውቅም፤ ስለዚህ አልፈርድባቸውም። ግን ያ ሦስት ደቂቃ ሕዝቅኤልን አስታወሰኝ፦ «አንተ መልካም ድምፅ እንዳለው እንደሚወደድ መዝሙር ማለፊያም አድርጎ በገና እንደሚጫወት ሰው ሆነህላቸዋል፤ ቃልህንም ይሰማሉ ነገር ግን አያደርጉትም» (ሕዝ. 33፥32)። ነቢዩን እየወደዱት፣ እያጣጣሙት ነበር እኮ።

ለዘማርያንም አንድ ቃል። ማስለቀስ ሙያ ሆኗል። እናትና ስደት የሚሉ ሁለት ቃላት ከያዝክ፣ ድምፅህን ከሰበርክና ኢኮውን ከጨመርክ አዳራሹ ያለቅሳል፤ ነገረ ሃይማኖት ባይኖርበትም። ሰው እቤቱ ሲደርስ ከግጥሙ አንድ መስመር ካልቀረለት ያ መዝሙር ምን አስተማረው? እልልታውም እንባውም የአገልግሎት ሚዛን አይደሉም።

እንግዲህ መዝሙር ሲያስለቅስህ አትፈር፣ እንባህንም አትከልክለው። የትኛው ቃል ላይ እንደጀመረህ ብቻ ልብ በል። «ይቅር በለኝ» የሚለው ላይ ከሆነ አንተም ይቅር ያላልከው ሰው ይኖራል። ስለ ሞት የሚለው ላይ ከሆነ የንስሐ አባትህን ካየህ ስንት ጊዜህ ነው? የእናትህ ትዝታ ከሆነ ደግሞ ነገ ደውልላት።

በነህምያ ዘመን ሕዝቡ ሕጉ ሲነበብ ሰምቶ ያለቅስ ነበር። ነህምያ፣ ዕዝራና ሌዋውያኑ «አታልቅሱ» ብለው አረጋጓቸው፤ ሂዱ ብሉ፣ ጠጡ፣ ምንም ላልተዘጋጀላቸውም ድርሻቸውን ላኩ አሏቸው (ነህ. 8፥9-10)። እኛ አሁን በጾም ላይ ነን፤ ያልበላነው ቁርስ አለ። ያልተዘጋጀላቸውም ከሰርክ ጉባኤ ስንወጣ ገና ከቅጥሩ በር ጀምሮ መንገዱን ይዘው ተቀምጠዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።