የአገልግሎት ኮርስ ምንድን ነው?

ፋርማሲ የምታጠና ተማሪ ካልኩለስ እንድትማር ይደረጋል። ሳይኮሎጂ የመረጠው ጓደኛዋ ከስታቲስቲክስ ጋር ይፋጠጣል፤ የነርሲንግ ተማሪዎች ኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂ ተማሪዎች ደግሞ ፊዚክስ ይወስዳሉ። አስተማሪው ከአንድ የትምህርት ክፍል፣ ተማሪዎቹ ከሌላ። እንዲህ አንድ የትምህርት ክፍል በሌላ ዘርፍ ለሚመረቁ ተማሪዎች የሚሰጠው ኮርስ የአገልግሎት ኮርስ፣ ብዙ መምህራን እንደሚጠሩትም ሰርቪስ ኮርስ ይባላል።

ለሁሉም ተማሪ ከሚሰጠው አጠቃላይ ትምህርት ጋር አንዳንዴ ይምታታል። የአጠቃላይ ትምህርት ዓላማ የተማሪውን አድማስ ማስፋት ነው፤ የምሕንድስና ተማሪ ታሪክ የሚማረው ድልድይ ሲነድፍ ይጠቅመዋል ተብሎ አይደለም። የአገልግሎት ኮርስ ግን ፈላጊ አለው። ተቀባዩ የትምህርት ክፍል ተማሪዎቹ ወደ ከፍተኛ ኮርሶች ሲሻገሩ ይዘውት እንዲመጡ የሚጠብቀው መሣሪያ ነው። ስለዚህ ኮርሱ መሳካት አለመሳካቱ የሚታወቀው በራሱ የማጠቃለያ ፈተና ሳይሆን፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ መምህር ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ዓይነት ኮርስ ሊባል ከሚችለው ሁሉ ዋናው ይህ ይመስለኛል። አብዛኛው ችግሩም የሚመነጨው ያ ሌላው ክፍል ለአስተማሪው ስለማይታየው ነው።

የተለመደው ስሕተት ለሒሳብ ተማሪዎች የተዘጋጀውን ኮርስ ወስዶ ከበድ ከበድ ያለውን መቀነስ ነው። ማረጋገጫዎቹ ይወጣሉ፣ ስሌቱ ይቀራል። የቀረው ነገር ለሒሳብ ተማሪ አይበቃም፤ ለፋርማሲዋ ተማሪም አይጠቅማትም። እሷ የምትፈልገው ያነሰ ሒሳብ ሳይሆን በሌላ መልክ የቀረበ ሒሳብ ነው።

ካፌይንን እንውሰድ። በጤናማ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ያለው የካፌይን መጠን በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። 200 ሚሊግራም የወሰደ ሰው ከ5 ሰዓት በኋላ 100፣ ከ10 ሰዓት በኋላ 50 ሚሊግራም ገደማ ይቀረዋል። ለምን በየ5 ሰዓቱ እኩል 100 ሚሊግራም አይቀንስም? ምክንያቱም ሰውነት ካፌይኑን የሚያስወግድበት ፍጥነት በዚያ ቅጽበት ካለው መጠን ጋር ተመጣጣኝ ነው፤ ብዙ ሲኖር ብዙ ይወጣል፣ ሲያንስ ጥቂት ይወጣል። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር በሒሳብ ቋንቋ ሲጻፍ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ማለትም አንድን መጠን ከሚለወጥበት ፍጥነት ጋር የሚያያይዝ እኩልታ ይሆናል። ተማሪዋ ይህንኑ ኢኩዌሽን በኤክስና በዋይ ተጽፎ ሃያ ጊዜ ፈትታው ይሆናል። ከዓመት በኋላ ግን በመድኃኒት ትምህርት ክፍል ኤክስ በሰዓት፣ ዋይ በሚሊግራም ተተክቶ ሲመጣ የምታውቀው ነገር መሆኑን ላታስተውል ትችላለች። አስተማሪዎች «ይህን እኮ ተምራችኋል» ይላሉ፤ ተማሪዎች «አልተማርንም» ይላሉ። ሁለቱም የሚናገሩት ከልባቸው ነው። እውቀት ከተማሩበት ቦታ ወደሚፈለግበት ቦታ በራሱ እግር አይሄድም፤ የሚያሻግረው ሰው ይፈልጋል።

በዚህ ላይ ምልክቶቹ ራሳቸው ከክፍል ክፍል ሲሻገሩ ይለወጣሉ። የኔጌቲቭ አንድን ስኩዌር ሩት የሒሳብ ሰዎች «አይ» ብለው ይጽፉታል፤ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ግን «አይ»ን ለከረንት (ለኤሌክትሪክ ፍሰት) ስለያዙት «ጄ» ይሉታል። «ሎግ» የሚለው ምልክት በብዙ የላቁ የሒሳብ ጽሑፎች ተፈጥሯዊው ሎጋሪዝም ነው፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ለሚያሰላ ኬሚስት መሠረቱ 10 ነው፤ በኮምፒውተር ሳይንስ ብዙውን ጊዜ 2 ነው። ጋዝ ሲስፋፋ የሚሠራው ሥራ በኬሚስትሪ መጻሕፍት ኔጌቲቭ፣ በብዙ የፊዚክስ መጻሕፍት ፖዘቲቭ ሆኖ ይመዘገባል። ለባለሙያው ይህ ምንም አይደለም። ለጀማሪ ግን የተማረውን ሁሉ እንዲጠራጠር የሚያደርግ ነገር ነው። «እናንተ ክፍል ስትደርሱ ይህ ምልክት እንዲህ ሆኖ ይጠብቃችኋል» ብሎ መናገር የሚወስደው አንድ ደቂቃ ነው፤ ያን አንድ ደቂቃ የሚሰጥ መምህር ግን አስቀድሞ የጎረቤቱን መጽሐፍ ገልጦ ያየ መሆን አለበት።

ውይይቱ አዲስ አይደለም። መሐንዲሱ ጆን ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1901 ግላስጎው ላይ በተካሄደው የብሪቲሽ አሶሲየሽን (የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር) ጉባኤ የሒሳብ ትምህርት ከጠቀሜታው ጋር እንዲተሳሰር አጥብቆ ተከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ የሒሳብ ትምህርት ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ሒሳብን ለሌሎች ዘርፎች በማስተማር ጉዳይ ላይ ብቻ ያተኮረ ስብሰባ ኢጣሊያ ውስጥ በኡዲኔ ከተማ አካሄደ። በእኔ ዓይን ከሁሉም የሚበልጠው ግን ማቲማቲካል አሶሲየሽን ኦፍ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2001 ያደረገው ነው። የፊዚክስን፣ የባዮሎጂን፣ የምሕንድስናንና የሌሎችን ዘርፎች መምህራን ሰብስቦ «ከእኛ ምን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። ብዙ የሒሳብ መምህራን የስሌት ጥድፊያና ረጅም የርዕስ ዝርዝር ይጠየቃል ብለው ሳይገምቱ አልቀሩም። መልሱ በአመዛኙ ሌላ ነበር፦ ተማሪዎቹ ጽንሰ ሐሳቡን ይረዱት፣ የገሃዱን ዓለም ጥያቄ ወደ ሒሳብ መለወጥ ይቻሉ፣ ያገኙትንም መልስ በቃላት ያስረዱ።

የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ታሪክም እዚህ ይገባል። ፊዚክስ ያስተምር የነበረው በአብዛኛው ፊዚሲስት ለማይሆኑ፣ ወደ ሕክምና ለሚያመሩ ተማሪዎች ነበር። ተማሪዎቹ ከባድ ስሌቶችን ይሠሩለታል፤ ለትምህርት አሰጣጡም ጥሩ ምዘና ይሰጡታል። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ ስሌት የሌለበት፣ ስለ ኃይልና ስለ እንቅስቃሴ በዕለታዊ ቋንቋ የሚጠይቅ ፈተና ሰጣቸው። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «በምን ልመልስ? አንተ ባስተማርከን መሠረት ወይስ እኔ በማስብበት መንገድ?» የሚል ትርጉም ያለው ጥያቄ ጠየቀችው። ውጤቱ ዝቅተኛ ሆነ። ቀመሩን ይዘውታል፤ አስተሳሰባቸውን ግን አልነካውም። ከዚያ በኋላ ነው ተማሪዎች በጥያቄ ላይ እርስ በርስ ተከራክረው የሚማሩበትን ዘዴ ያዳበረው። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ይህ ዘዴ የተወለደው ከአገልግሎት ኮርስ ነው። የአገልግሎት ኮርስን እንደ ሁለተኛ ደረጃ ሥራ የሚያዩ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱት እወዳለሁ።

ያለመታደል ሆኖ አመለካከቱ በብዙ ተቋማት አለ። ኮርሱ በትልቅ አዳራሽ ለመቶዎች ይሰጣል፤ ለአዲስ ገቢ መምህር ወይም ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ይመደባል፤ በመምህራን የደረጃ ዕድገት ጊዜም ብዙ ክብደት አይሰጠውም። ከሁሉ የከፋው እንደ ማጣሪያ ሲያገለግል ነው። ጥሩ ነርስ ልትሆን የምትችል ልጅ ከሙያዋ ጋር ባልተገናኘ የኬሚስትሪ ጥያቄ ትወድቅና መንገዷ ይዘጋል። ይህ ያስቆጨኛል።

«ታዲያ ተቀባዩ ክፍል ለምን ራሱ አያስተምርም?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። በሳይኮሎጂ ምሁር የሚሰጥ ስታቲስቲክስ ምሳሌው ለተማሪው ቅርብ ይሆናል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ዘዴው ለምን እንደሚሠራና መቼ እንደማይሠራ ጠለቅ ብሎ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ስታቲስቲሺያኑ ነው። እኔ የማደላው ባለሙያው እንዲያስተምርና መልመጃው ከተቀባዩ ክፍል እንዲመጣ ነው።

ለዚህ ትልቅ ማሻሻያ መጠበቅ አያስፈልግም። ስታቲስቲክስ ለሳይኮሎጂ ተማሪዎች እንዲሰጥ የተመደበ መምህር ከዚያ ክፍል የሦስተኛ ዓመት የፈተና ወረቀት ለምኖ ቢያነብ፣ ተማሪዎቹ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳይ መለኪያ) በእጅ እንዲያሰሉ የሚጠየቁት አልፎ አልፎ መሆኑን ሊያገኝ ይችላል፤ ያን ኮምፒውተር ይሠራዋል። የሚጠየቁት የውጤት ሠንጠረዥ አንብበው ፒ ቫልዩ (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ኖሮ ቢያንስ የዚህን ያህል የራቀ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድል) ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር እንዲጽፉ ይሆናል። ያን ያየ መምህር በእጅ ስሌት ከሚያልፉት ሳምንታት የተወሰኑትን ወስዶ ተማሪዎቹ ሠንጠረዥ ማንበብና ያነበቡትን በራሳቸው ቃል መጻፍ እንዲለማመዱበት ያውላቸዋል።