ዳን ብሩክስ፦ የዱክ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ጎልፍ አሠልጣኝ

ጎልፍ ለአብዛኞቻችን ቻናል ስንቀይር ዓይናችን ላይ ጥልቅ የሚል የሀብታም ጨዋታ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ኳስ፣ ሰፊ ሜዳ። አሜሪካ ውስጥ ግን የኮሌጅ ጎልፍ የቡድን ስፖርት ነው። በሴቶቹ በኩል ከዳን ብሩክስ የበለጠ የተሳካለት አሠልጣኝ የለም። ከኦሪገን ግዛት የመጣው ብሩክስ ኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው የተማረው። በ1984 (እ.ኤ.አ.) ሰሜን ካሮላይና፣ ደርሃም ከተማ የሚገኘውን የዱክ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን ተረከበ። የኮሌጆች ማኅበር ለሴት ጎልፈኞች ብሔራዊ ሻምፒዮና ማዘጋጀት ከጀመረ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት እዚያው ቆየ።

ሰውየው ምን እንደሠራ ለመረዳት መጀመሪያ አቆጣጠሩን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ቡድን አምስት ተጫዋቾች ያሰልፋል። በየዙሩ የአራቱ ጥሩ ውጤት ይደመራል፤ የመጨረሻዋ ይጣላል። ጎልፍ ውስጥ ጥቂት የመታ ነው የሚያሸንፈው። ስለዚህ አንዷ ኮከብ በ66 ምት ብትጨርስና አራተኛዋ 80 ብትመታ፣ የኮከቧ ድካም ውኃ በላው ማለት ነው። አሠልጣኙን እንቅልፍ የምትነሳው ኮከቧ ሳትሆን አራተኛዋ ናት።

የዱክ ታሪክ ይህንን በደንብ ያሳያል። ቡድኑ በብሩክስ ዘመን ሰባት ጊዜ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆኗል፦ በ1999፣ በ2002፣ ከ2005 እስከ 2007 በተከታታይ፣ በ2014 እና በ2019። የግል ሻምፒዮን የሆኑት ተጫዋቾቹ ደግሞ አራት ናቸው፦ ብራዚላዊቷ ካንዲ ሃነማን በ2001፣ ታይላንዳዊቷ ቪራዳ ኒራፓትፖንግፖርን በ2002፣ አና ግሬዝቢን በ2005፣ ጣልያናዊቷ ቨርጂኒያ ኤሌና ካርታ በ2016። ዓመቶቹን አስተያዩአቸው። የቡድኑና የግሉ ድል የገጠሙት በ2002 እና በ2005 ብቻ ነው። ሃነማን ስታሸንፍ የቡድኑን ዋንጫ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ወሰደ። ካርታ ስታሸንፍ ደግሞ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ። በተቃራኒው፣ ዱክ አምስት ጊዜ ዋንጫ ያነሳው የግሉ ክብር ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ሄዶ እያለ ነው።

አማንዳ ብሉመንኸርስት ጥሩ ምሳሌ ናት። ከ2006 ጀምሮ ሦስት ዓመት በተከታታይ የአገሪቱ የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተብላለች። የግል ብሔራዊ ሻምፒዮና ግን አንድም ጊዜ አላሸነፈችም። የቡድን ዋንጫ ግን ሁለት አላት።

ኮከብ ደግሞ ይሄዳል። የኮሌጅ አሠልጣኝ ትልቁ ራስ ምታት ይሄ ነው። ብሪተኒ ላንግ በ2005 ከዱክ ጋር ዋንጫ አነሳች። በዚያው ክረምት ገና አማተር ሳለች አማተርም ፕሮፌሽናልም በሚወዳደርበት በአሜሪካ የሴቶች ኦፕን ሁለተኛ ደረጃን ተጋርታ ጨረሰች። ከዚያ በኋላ ማን ያቆያታል? ትምህርቱን ትታ ወደ ፕሮፌሽናሉ ገባች፤ በ2016 ያንኑ ኦፕን አሸነፈች። እሷ በወጣችበት ዓመት ብሉመንኸርስት ገባች። ዱክ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታትም ዋንጫውን አልለቀቀም። እንዲህ ያለ መተካካት በዕድል ብቻ አይመጣም። አሠልጣኙ ልጆቹን ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ አይቶ መርጦ ማስቀመጥ አለበት።

የመምረጡ ሥራ አገር አይገድበውም። ከአየርላንድ መንትዮቹ ሊዮና እና ሊሳ ማጓየር ወደ ደርሃም መጥተዋል። ሊዮና የዓለም አማተሮችን ደረጃ ለ135 ሳምንት መርታለች። ቀደም ብላ ፕሮፌሽናል መሆን ስትችል አራቱንም ዓመት ተምራ ጨርሳ ወጣች። በ2022 በአሜሪካው የሴቶች ፕሮፌሽናል ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አየርላንዳዊት ሆነች። ፈረንሳዊቷ ሴሊን ቡቲየም የ2014ቱ ቡድን አባል ነበረች። በ2023 በገዛ አገሯ ከታላላቆቹ የሴቶች ፕሮፌሽናል ውድድሮች አንዱን፣ የኤቪያንን ሻምፒዮና አሸንፋለች።

የዕለት ተዕለቱ ሥራ ብዙ ጩኸት የለበትም። በማኅበሩ ደንብ ልምምድ በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም። የውድድሩ ወቅት በመስከረምና በጥቅምት ይጀመርና በብርዱ ወራት አርፎ ከየካቲት እስከ ግንቦት ይቀጥላል። ከሌላው ጎልፍ የሚለየው ደግሞ አሠልጣኙ ጨዋታው እየተካሄደ ሜዳ ውስጥ ገብቶ መምከር መቻሉ ነው። ብዙ ጊዜ አሠልጣኞች አጭር ጉድጓድ መርጠው መነሻው ላይ ይቆማሉ። በአንድ ምት ኳሱ የተከረከመው ሣር ላይ ማረፍ አለበት። አምስቱም ልጆች በየተራ በዚያ ያልፋሉ። የመጀመሪያዋ ስትመታ ኳሷ ነፋሱን መቋቋም አቅቷት አጥራ ትወድቃለች። አሠልጣኙ ያያል፤ ዝም ይላል። ሁለተኛዋ ስትደርስ ቀስ ብሎ "ሰባት ቁጥሩን ዱላ መልሺው፣ ስድስቱን ያዢ" ይላታል። አንድ ምት ተረፈ። በአራት ዙር ስንት እንዲህ ያለ ምት እንደሚጠራቀም አስቡት። በ2014 ኦክላሆማ ግዛት፣ ቱልሳ ላይ ዱክ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን የበለጠው በሁለት ምት ነበር። የብሩክስ የመጀመሪያ ዋንጫም በ1999 የተገኘው እዚያው ሜዳ ላይ ነው።

በ2015 ደንቡ ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ ምርጥ ስምንት ቡድኖች ከተለዩ በኋላ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። አምስት ጥንድ፣ ሦስት ያሸነፈ ያልፋል። የሚጣል ውጤት የለም። በአሮጌው ደንብ ስድስት ዋንጫ የሰበሰበ ሰው በአዲሱ ይቸገራል ብሎ የገመተ ካለ አልፈርድበትም። በ2019 አርካንሳው፣ ፋየትቪል ውስጥ ዱክ ለፍጻሜ የገጠመው የገዛ ግዛቱን ጎረቤት ዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲን ነው። በዌክ ፎረስት በኩል ጄኒፈር ከፕቾ ነበረች። ከአንድ ወር ተኩል በፊት ጆርጂያ ግዛት፣ ኦገስታ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደውን የሴት አማተሮች ውድድር ያሸነፈችው እሷ ናት። በሜዳው ላይ ከእሷ የሚስተካከል ስም አልነበረም። ውጤቱ ግን 3 ለ 2፣ ለዱክ።